ዲግሪ የለኝም፣ ኮድ ግን እጽፋለሁ፤ ማን ይቀጥረኛል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 21 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በ2015 12ኛ ክፍል ተፈትኜ 50 ከመቶ አልሞላልኝም። ከዚያ ወዲህ ከዩቲዩብና ከነፃ ኮርሶች ድረ ገጽ መሥራት ተማርኩ። ጃቫስክሪፕት እጽፋለሁ። ለአንድ እንቁላል አከፋፋይ የዱቤ መዝገብ ሠርቼለት እየተጠቀመበት ነው፤ ትንሽ ነገር ስለሆነ ግን ሲቪዬ ላይ አልጻፍኩትም። አጎቴ ‹ያለ ወረቀት ማንም አይቀጥርሽም› ብሎ ነጥብ የማይጠይቅ የግል ኮሌጅ አግኝቶልኛል፤ አካውንቲንግ በዲግሪ። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ደግሞ ‹እዚህ ዲግሪ የሚጠይቅ የለም፣ ችሎታሽን ብቻ አሳዪ› ትለኛለች። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጎትሽም አክስትሽም አልዋሹሽም። የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ቀጣሪ ነው። እኔ ላለፉት 14 ዓመታት እንጀራዬ ሰው መቅጠር ነው። መጀመሪያ በአንድ የግል ባንክ የሰው ሀብት ክፍል ነበርኩ፤ አሁን ሶፍትዌር ለሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች ሰው እመለምላለሁ። ስለዚህ ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ምን እንደሚታይ ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ግን ያንን ኮሌጅ ተዪው። ነጥብ የማይጠይቅ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም። የመግቢያ መስፈርቱን ሳታሟዪ የሚመዘግብሽ ኮሌጅ ብርሽን ይወስዳል። ወረቀት ቢሰጥሽ እንኳን ማስረጃው ሲጣራ ይወድቃል፤ የሚጣራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ ከያዝሽ በኋላ ነው። አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ በማስረጃው ምክንያት ዕቃውን በካርቶን ይዞ የወጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። የመጀመሪያው ዙር የተሰጠው በ2015 ክረምት ነው፤ አንቺ 12ኛ ክፍል በተፈተንሽበት በዚያው ክረምት ማለት ነው። ከተፈታኞቹ ግማሹ እንኳን አላለፈም። የግል ተቋማት ውጤት ደግሞ ከመንግሥቶቹ በጣም ያነሰ ነበር። አጎትሽ ክፉ አስቦ አይደለም፤ እሱ በወጣበት ዘመን ወረቀት የያዘ ሁሉ ሥራ ያገኝ ነበር።

የ12ኛ ክፍሉም ነገር አያሳፍርሽ። በዚያ ዓመት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 ከመቶው ብቻ ነው። ከ100 ተማሪ 97 ያህሉ በወደቀበት ፈተና «ወደቀች» ማለት ስለ አንቺ ብዙም አይናገርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ባለፈው አንድ ድርጅት ጀማሪ ፕሮግራመር ፈለገ። በቴሌግራም ቻናሎች ማስታወቂያ አወጣን፤ ሰባት ቀን ሰጠን። በአምስተኛው ቀን አመልካቹ 400 አለፈ። የምናጣራው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሌላም ሥራ አለን። 400 ሲቪ ማን ያነባል? አይነበብም። ኤክሴል ይከፈትና ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲጂፒኤ፣ የሥራ ልምድ ይሞላል። ከዚያ ፊልተር ነው። «ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ» የሌለው ወጣ። ሲጂፒኤው ከ3 በታች የሆነው ወጣ። 400ው ወደ 60 ወረደ። ይህ ሁሉ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ለመክሰስ ቡና ደርሷል።

በዚያ ሰዓት ውስጥ «ይህ ልጅ ሥራውን ይችላል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዲግሪው የተፈለገው ለወንፊትነቱ ነው። ሚካኤል ስፔንስ የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 የጻፈው ይህንኑ ነው። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ አስቀድሞ ማየት ስለማይችል ምልክት ይፈልጋል። ትምህርት ደግሞ ለሥራው የሚጠቅም ዕውቀት ባይሰጥ እንኳን ምልክት ሆኖ ያገለግላል፤ ታግሶ የጨረሰ ሰው መሆኑን ያሳያልና። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ይህ ሐሳብ ዋናው ነበር። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከዚያም ይከብዳል። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሕዝብ ልጅ ነን።

አንዳንዴ ሳስበው የቅኔ ቤቱ መንገድ ይሻል ነበር እላለሁ። እዚያ ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቅኔውን ራሱ ይቆጥርና መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። መምህሩ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ይመልሱታል። ከሌላ ደብር ወረቀት ይዞ መጥቶ «ቅኔ እችላለሁ» የሚል የለም። ችሎ ከሆነ ይቀኝ! ግን ያ መምህር 400 ሲቪ አይደርሳቸውም፤ እሱም እውነት ነው።

የእኔን ድርጅት ታሪክ ልጨርስልሽ። ለፈተና የጠራነው 15 ሰው ነበር። ከ15ቱ አንዱ በወንፊቱ አልፎ የመጣ አይደለም። ድርጅቱ ውስጥ ያለ ፕሮግራመር «ይህን ልጅ እዩልኝ፣ ሥራውን አይቼዋለሁ» ብሎ ያስገባው ነው። ዲግሪ የለውም። አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኖ እየሠራ በስልኩ ነው ኮድ የጀመረው።

ፈተናው ቀላል ነው። የሠራተኛ ክፍያ አስገብቶ የተጣራውን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፤ ሦስት ሰዓት አላችሁ። ሆን ብለን ያልነገርናቸው ነገር ነበር። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው ከመሠረታዊ ደመወዙ ነው፤ አበሉ ውስጥ አይገባም። እኛ ግን ጥያቄው ላይ ደመወዙንና የትራንስፖርት አበሉን ጎን ለጎን አስቀምጠን ዝም አልን። አብዛኞቹ ሁለቱን ደመሩና 7 ከመቶ ቆረጡ። ኮዳቸው ንጹሕ ነበር፤ መልሱ ግን ስህተት። የጋራዡ ልጅ ገና በአሥረኛው ደቂቃ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ጡረታው አበሉንም ይነካል እንዴ?» አለ። እኔና ኃላፊው ተያየን።

በኋላ ከየት እንዳወቀው ጠየቅኩት። ለጋራዡ በኤክሴል የደመወዝ ማስሊያ ሠርቶ ነበር። በመጀመሪያው ወር ሠራተኞቹ «ብራችን ጎደለ» ብለው ቢሮ ድረስ መጡበት። አበሉን አብሮ ቆርጦባቸው ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ የደረሰበት ሰው አይረሳውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ የቃል ጥያቄ ነበረ። «ሱቅ ውስጥ አንድ ዕቃ ብቻ ቀርቷል። ሁለት ገንዘብ ያዦች በአንድ ጊዜ ቢሸጡት ሲስተምህ ምን ያደርጋል?» አልነው። ዝም አለ። የዳታቤዝ ትራንዛክሽን የሚባለውን፣ ተያያዥ እርምጃዎችን እንደ አንድ የሚያስፈጽመውን ዘዴ፣ ሰምቶት አያውቅም። ያመጣውን ሥራ ስናየው የተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃል እንዳለ በግልጽ ጽሑፍ ተቀምጧል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ስለ ሁለቱም ስንጠይቃት ሳታመነታ መለሰች። ጡረታውን የሳተችው ልጅ ነች።

ሁለቱም ተቀጠሩ። የደመወዝ ነገር ሲመጣ ግን «እሱ ዲግሪ የለውም» ተባለና ከእሷ ያነሰ ተጻፈለት። ሥራቸው አንድ ነው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ብዙም አልተከራከርኩም። አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም። ይህን የምነግርሽ በሩን ካለፍሽ በኋላም ወረቀቱ አንዳንዴ ተከትሎሽ እንደሚመጣ እንድታውቂ ነው። የሚቀጥለው ድርጅት ላይ ስትሄጂ ግን የሥራ ልምድሽ ይቀድማል፤ ልጁ በዓመት ከመንፈቁ ለቅቆ በተሻለ ደመወዝ ሌላ ቦታ ገብቷል። ማንም ዲግሪውን አልጠየቀውም።

ያች ዝም ያለባት ጥያቄ አንቺንም ትመለከታለች። ዩቲዩብ የሚያስተምርሽ ዓይን የሚስበውን ነው፤ በአንድ ሰዓት ተጀምሮ በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን። የሚያሰለቸውን ደግሞ ማንም አያስገድድሽም። ዩኒቨርሲቲ ከሰጠው ጥቅም አንዱ ማስገደዱ ነው። ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፤ ተማሪው እያዛጋም ቢሆን አልፎባቸዋል። ራሳቸውን ያስተማሩ ልጆች ሲወድቁብኝ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ደግነቱ ቀዳዳው የት እንዳለ ይታወቃል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኤስ50 የሚባለው ኮርስ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ከባድ ነው፤ ግን ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሜሞሪ ምን እንደሆነ ሳያሳይ አይለቅሽም። እሱን ጨርሺ። ከዚያ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ ማናገሪያው ቋንቋ) በደንብ፣ ከዚያ ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያው)። አራተኛ የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ አትጀምሪ።

ማን ይቀጥርሻል ለሚለው ደግሞ ቁርጡን ልንገርሽ። መንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀጥርሽም። እዚያ እያንዳንዱ የሥራ መደብ ተመዝኖ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ከመደቡ አጠገብ የሚፈለገው የትምህርት ደረጃ ተጽፏል። ኃላፊው ችሎታሽን ቢወደው እንኳን እጁ የታሰረ ነው። ባንክም ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነው። እኔ በነበርኩበት ባንክ አንድ ያለ ዲግሪ የገባ ጎበዝ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ሲስተም ሲወድቅ የሚጠራው እሱ ነው፤ ዕድገት ሲመጣ ግን ስሙ አይጠራም። ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ጥብቅና የመሳሰሉት ፈቃድ የሚጠይቁ ስለሆኑ ወሬም አያስፈልጋቸው።

ወደ ትንንሾቹ ስትመጪ ነገሩ ይገለበጣል። ሶፍትዌር የሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች፣ የዴሊቨሪ አፖች፣ የማስታወቂያና የቪዲዮ ሥራ ቤቶች፣ በኢንተርኔት የሚሸጡ ሱቆች። እነዚህ ጋ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚቀጥረው። የተበላሸ ነገር አለው፤ የሚጠግንለት ሰው ይፈልጋል። «የት ተማርሽ?» ሳይሆን «ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ነው የሚልሽ። ግራፊክስ ዲዛይነር ስቀጥር ዲግሪ ጠይቄ የማውቅበትን ቀን አላስታውስም። አጎትሽ የመረጠልሽ አካውንቲንግ ራሱ እንኳን እንዲህ እየሆነ ነው። ማስታወቂያዎቹን እዪ፤ ዲግሪውን ይጠቅስና ቀጥሎ «ፒችትሪ አሳምሮ የሚችል» ይላል፤ የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩን ማለት ነው። ፒችትሪን አብዛኛው ሰው የተማረው ከጓደኛው ወይም ከአጭር ሥልጠና ነው። ዲግሪ ይዘው ፒችትሪ ሲከፈትላቸው የሚደነግጡ ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን ወደ አክስትሽ። ያለችው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በሺዎች ለሚቆጠሩ የግዛቱ መንግሥት ሥራዎች የአራት ዓመት ዲግሪ መጠየቁን አቁማለች። ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም «ዲግሪ አንጠይቅም» ብለው አውጀዋል። ግን ማወጅና መቅጠር ይለያያል። በርኒንግ ግላስ የተባለው የጥናት ተቋም ከሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ጥናት ቅጥሩን ራሱን ተከታተለ። በዚህ ለውጥ ምክንያት ዕድል ያገኘው ከ700 ቅጥር አንድ እንኳን አይሞላም። ማስታወቂያው ላይ የነበረችው መስመር ተሰርዛለች፤ የሚያጣራው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ግን አልተሰረዘችም። እኔን ይመስላል ማለት ነው።

አክስትሽ ጋ ለመሄድ ካሰብሽ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ ለባለሙያዎች የምትሰጠው ኤች-1ቢ ቪዛ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙን ይጠይቃል። ዲግሪ ከሌለ ሦስት ዓመት የሙያ ልምድ እንደ አንድ ዓመት ትምህርት ሊቆጠር ይችላል። ለአራት ዓመት ዲግሪ 12 ዓመት መሥራት ነው። ጀርመን በዚህ ትሻላለች። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የአይቲ ባለሙያ ዲግሪ ባይኖረውም፣ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሙያው ደረጃ ከሠራና የተወሰነውን ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን የሚያሟላ ቀጣሪ ካገኘ፣ ብሉ ካርድ የሚባለውን ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ልብ በዪ፣ እዚህም የሚቆጠረው የሠራሽባቸው ዓመታት ናቸው። ቤት ቁጭ ብለሽ የተማርሽው አይቆጠርም።

ስለዚህ አንቺ ካለሽበት ተነስተሽ የምትሄጂበት መንገድ 400ው ሲቪ ያለበት ክምር ውስጥ አይደለም። እዚያ ከገባሽ በመጀመሪያዋ ፊልተር ትወጫለሽ፤ ብትፎክሪም ብታለቅሺም። መግባት ያለብሽ የጋራዡ ልጅ በገባበት በኩል ነው፤ ሥራሽን አይቶ «እዩልኝ» የሚል ሰው በኩል። ሰው ይህን ሲሰማ «ዘመድ ፈልጊ ማለትህ ነው?» ይላል። አይደለም። ያ ፕሮግራመር የልጁ ዘመድ አልነበረም። ልጁ ቴሌግራም ላይ ባለ የፕሮግራመሮች ግሩፕ ውስጥ የሌላ ሰው ጥያቄ ሲመልስ ነው ያየው። ለሦስት ወር ያህል መልሱን አይቶት ነበር።

ሰርተፍኬት ስለማብዛት አንድ ነገር ልበል። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ከተጀመረ ወዲህ የምቀበለው ሲቪ ሁሉ ያንን ሰርተፍኬት ይዟል። ኮርሱ ጥሩ ነው፤ ነፃም ነው፤ ካልወሰድሽው ውሰጂ። ሁሉም የያዘው ወረቀት ግን አንቺን ከማንም አይለይሽም። 11 ሰርተፍኬት ደርድሮ አንድም የሠራው ነገር የሌለው ሲቪ ሲመጣ ትዝ የሚለኝ በቅሎዋ ናት። አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው ያለችው።

ሳይጠቅም የማይቀር ወረቀት ግን አለ፤ ሲኦሲ። የሙያ ብቃት ምዘናው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለገቡ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ ወይም በራሳቸው የተማሩም ይመዘናሉ፤ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የት ተማርክ ሳይሆን ምን ትችላለህ የሚል ነው። ክልልሽ የሚገኘው የብቃት ምዘና ቢሮ ሂጂና በአይሲቲ ዘርፍ በየትኛው ሙያና ደረጃ እንደሚመዝኑ ጠይቂ። ለአጎትሽም የምታሳዪው ወረቀት ይሆንሻል። ዲግሪውን ለዘለዓለም እርሺው አላልኩም። ሥራ ከያዝሽ በኋላ መስፈርቱን በሕጋዊ መንገድ አሟልተሽ ማታ ወይም በርቀት መማር ትችያለሽ፤ ያኔ ክፍያውም ከራስሽ ደመወዝ ነው። ሲቪሽ ላይ ግን አትዋሺ። «ሦስተኛ ዓመት ያቋረጠች» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ጭራሽ ያልገቡ። አንድ ስልክ ነው የሚያጋልጣቸው።

የቀረው እንቁላሉ ነው። ጥያቄሽን ሳነብ «ትንሽ ነገር ስለሆነ አልጻፍኩትም» ያልሽው ላይ ስደርስ ራሴን ያዝኩ። እህቴ፣ ከላክሽልኝ ሁሉ የሚቀጥርሽ ያ ብቻ ነው! ሌላው ጃቫስክሪፕት እችላለሁ የሚል ቃል ነው፤ ያንን ሁሉም ይላል። እንቁላሉን ግን አንድ ነጋዴ በየቀኑ እየተጠቀመበት ነው። ሲበላሽ ይደውልልሻል። ዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡን ረስቶት የሚያውቅ ሰው ደብተሩን ጥሎ አንቺን አምኗል።

ስለዚህ የሲቪሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስቀምጪው። «የዱቤ መዝገብ ሠራሁ» ብለሽ አትለፊው። ከዚያ በፊት በምን ይመዘግብ እንደነበር ጻፊ። ስንት ካፌና ሱቅ በዱቤ እንደሚወስድ ቁጥሩን ጻፊ። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቆረጥ ሲስተምሽ ምን እንደሚሆን ጻፊ፤ ካላሰብሽበት ዛሬ አስቢበት። ኮዱን ጊትሀብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አድርጊ፤ የደንበኞቹን ስምና ስልክ ግን አውጪ። በስልክሽ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጪ፤ ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ እሱ ራሱ ሲመዘግብበት ይታይ። ይህንን ይዘሽ ሐዋሳ ውስጥ ዱቤ የሚሰጥ ሌላ አከፋፋይ አንኳኪ፤ ለስላሳ፣ ዳቦ፣ ሲሚንቶ፣ ምንም ይሁን። ሁለተኛ ደንበኛ ያለው ሥራ ከአንዱ ጋር አይወዳደርም፤ ብር አስከፍዪ ደግሞ፣ ትንሽም ብትሆን።

እኔ ብፈትንሽ የምጠይቅሽን ከአሁኑ ልንገርሽ። 30 እንቁላል የያዘው ትሪ ካፌው በር ላይ ሦስት እንቁላል ተሰብሮበት ደረሰ። ካፌው 27 ነው የተቀበልኩት ይላል፤ ሹፌሩ 30 ነው የጫንኩት ይላል። መዝገብሽ ላይ ሦስቱ በማን ሂሳብ ይወርዳሉ? ሰውየውን ጠይቂው፤ መልሱን ሲስተምሽ ውስጥ አስገቢና ላኪልኝ።